ለባንክ የቴክኖሎጂ ሥራ ቃለ መጠይቅ መዘጋጀት፦ ከኮምፒዩተሩ በፊት መዝገቡ

ገዢው በስልኩ 48,000 ብር ላከ። ከሒሳቡ መቀነሱን የሚገልጽ አጭር መልእክትም ደረሰው። ሻጩ የራሱን ስልክ ቢያይ ግን የገባ ነገር የለም። አንዱ «ከፍያለሁ» ይላል፤ ሌላው «አልደረሰኝም» ይላል። ዕቃው ተጭኗል፤ ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ ይጠብቃል። እንዲህ ያለው ንትርክ በመርካቶም ሆነ በሌላ ገበያ ለሚውል ሰው እንግዳ አይደለም። ለመሆኑ በዚያች ደቂቃ 48,000 ብሩ ያለው የት ነው? በገዢው ሒሳብ የለም፤ በሻጩም የለም።

ይህን ጥያቄ በትክክል የሚመልስ ወጣት በባንክ የቴክኖሎጂ ክፍል ለመቀጠር ግማሹን መንገድ ሄዷል ማለት ይቻላል። ባንክ ለኮምፒዩተር ባለሙያ የሚያቀርበው የቃል ፈተና ላዩ ስለ ፕሮግራምና ስለ ዳታቤዝ ቢመስልም ውስጡ ስለ ገንዘብ ነው። ጠያቂዎቹ ማወቅ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ መብራት ቢጠፋ፣ መስመር ቢቋረጥ፣ ሰው ቢሳሳት ወይም ሌባ ቢገባ፣ ይህ ሰው የሚይዘው ሲስተም የደንበኛን ገንዘብ ሳያጠፋ፣ ያልነበረ ገንዘብም ሳይፈጥር ያድራል ወይ?

ጉዳዩ የሚመለከተው ሥራ ፈላጊውን ብቻ አይደለም። ልጁን በኮምፒዩተር ትምህርት ያስመረቀ ነጋዴ፣ የባንክ አክሲዮን የያዘ ባለሀብት፣ ገንዘቡ በየቀኑ በሽቦና በአየር የሚመላለስ ደላላ ሁሉ፣ ባንኮች ሲስተማቸውን ለማን እንደሚያስረክቡ ማወቁ ይጠቅመዋል።

የሥራ መደቦቹና የፈተናው መንገድ

በባንኮች የሚገኙት የቴክኖሎጂ የሥራ መደቦች በጥቅሉ በአምስት ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛው ኮር ባንኪንግ የሚባለውን የባንኩን ዋና ሲስተም የሚያስተዳድረው ነው። በኢትዮጵያ ባንኮች ዘንድ ቴሜኖስ ቲ24 እና የኦራክሉ ፍሌክስኪዩብ የታወቁ ናቸው። ሁለተኛው የዳታቤዝ አስተዳደር፣ ሦስተኛው የኔትወርክና የዳታ ማዕከል ሥራ ነው። አራተኛው ካርድን፣ ኤቲኤምን፣ ፖስ ማሽንንና የሞባይል ባንኪንግን ይይዛል። አምስተኛው የመረጃ ደኅንነትና የኮምፒዩተር ኦዲት ነው።

ቅጥሩ ብዙውን ጊዜ በጽሑፍ ፈተና ይጀምራል፤ አንዳንድ ቦታ በኮምፒዩተር ላይ የሚሰጥ የተግባር ፈተና ይከተላል፤ በመጨረሻ ኮሚቴ ፊት የቃል ፈተና ይደረጋል። ከኮሚቴው አባላት መካከል የኮምፒዩተር ባለሙያ ያልሆነ፣ ለምሳሌ ከሰው ኃይል፣ ከሒሳብ ወይም ከኦዲት ክፍል የመጣ ሰው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የኮምፒዩተሩን ነገር ለሒሳብ ሠራተኛ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት፦ መዝገብ

በቃል ፈተና ላይ ቀላል መስላ ብዙዎችን የምታደናቅፍ ጥያቄ አለች፦ «ደንበኛ ያስቀመጠው ገንዘብ ለባንኩ ሀብት ነው ወይስ ዕዳ?» መልሱ ዕዳ ነው። ባንኩ በጠየቁት ጊዜ ሊመልሰው የተቀበለው የሰው ገንዘብ ነውና። በአንጻሩ ለነጋዴ ያበደረው ገንዘብ ሀብቱ ነው። ይህን ያልተረዳ ባለሙያ ከደንበኛ ሒሳብ ላይ ገንዘብ ሲቀነስ በባንኩ መዝገብ ላይ ለምን ዴቢት ተብሎ እንደሚጻፍ አይገባውም፤ ያልገባውን መዝገብ ደግሞ በፕሮግራም ሊጠብቀው አይችልም።

ዋናው ሕግ አንድ ነው። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሁለት ወገን አለው፤ የዴቢቱ ድምርና የክሬዲቱ ድምር ምንጊዜም እኩል መሆን አለበት። የሱቅ የዱቤ መዝገብ ሲያገላብጥ ያደገ ልጅ በዚህ ረገድ ከሌላው ይቀድማል። ዕቃ ሲወጣ ወይ ጥሬ ገንዘብ ይገባል ወይ በሰው ላይ ዕዳ ይመዘገባል፤ አንዱ ብቻውን ሊሆን አይችልም።

አሁን የ48,000 ብሩን ጥያቄ መመለስ ይቻላል። ገዢና ሻጭ በተለያዩ ባንኮች ከሆኑ፣ የላኪው ባንክ ከገዢው ሒሳብ ቀንሶ ያንኑ ያህል ለሌላ ባንክ በሚከፈል የመሸጋገሪያ ሒሳብ ላይ ይመዘግበዋል። መልእክቱ ባንኮችን እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ወደ ተቀባዩ ባንክ ይሄዳል። የተቀባዩ ባንክ ለሻጩ ገቢ አድርጎ «ተፈጽሟል» የሚል መልስ ይመልሳል። መስመሩ መሐል ላይ ቢቋረጥ ገንዘቡ አልጠፋም፤ በመሸጋገሪያው ሒሳብ ላይ በእንጥልጥል ቆሟል።

እዚህ ላይ ጠያቂው ይጨምራል፦ «መልሱ ካልመጣ ምን ታደርጋለህ? ለገዢው ትመልስለታለህ?» የቸኮለ አመልካች «አዎ» ይላል። ነገር ግን የጠፋው የመልሱ መልእክት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ከሆነና ለገዢውም ከተመለሰለት፣ 48,000 ብሩን የከፈለው ባንኩ ነው። ትክክለኛው መንገድ ሳይገምቱ መጠየቅ ነው። የክፍያው መለያ ቁጥር ተይዞ ከወዲያኛው ወገን ተፈጽሞ እንደሆነ ይጣራል፤ ተፈጽሞ ከሆነ ይዘጋል፤ አለመፈጸሙ ከተረጋገጠ ብቻ ይመለሳል።

በተደጋጋሚ ሊመጡ የሚችሉ አራት ጥያቄዎች

አንደኛ፦ «ከአንዱ ሒሳብ ተቀንሶ ወደ ሌላው ሳይገባ ኮምፒዩተሩ ቢጠፋስ?» በአንድ ባንክ ውስጥ ለሚደረግ ዝውውር መልሱ መቀነሱና መጨመሩ እንደ አንድ ሥራ መታሰር አለባቸው የሚል ነው። ወይ ሁለቱም ይፈጸማሉ ወይ ሁለቱም እንዳልነበሩ ይሆናሉ። ዳታቤዙ ከመጥፋቱ በፊት በመዝገቡ ላይ የጻፈውን አይቶ ሲነሣ ያልተጠናቀቀውን ይሰርዛል፤ «ተጠናቋል» ብሎ ያረጋገጠውን ግን መብራት ቢጠፋም አይረሳም።

ሁለተኛ፦ «በአንድ ሒሳብ ላይ 10,000 ብር አለ። ባል በኤቲኤም፣ ሚስት በስልክ፣ በአንዲት ቅጽበት እያንዳንዳቸው 8,000 ብር ቢጠይቁስ?» ሁለቱም ጥያቄዎች መጀመሪያ ቀሪውን አንብበው በኋላ የሚቀንሱ ከሆነ ሁለቱም 10,000 ያያሉ፤ ከ10,000 ብር ላይ 16,000 ይወጣል። መድኃኒቱ የመጀመሪያው ጥያቄ ሒሳቡን ቆልፎ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ተራውን ይጠብቃል፤ ሲደርሰው 2,000 ብር ብቻ ያገኛል፤ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል።

ሦስተኛ፦ «ደንበኛው ኔትወርክ ዘግይቶበት 'ላክ' የሚለውን ሦስት ጊዜ ቢጫንስ?» እያንዳንዱ የክፍያ ትእዛዝ ከስልኩ ሲወጣ የራሱ መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ትእዛዙ ቢደጋገም ቁጥሩ አይለወጥም። ሲስተሙ ያንን ቁጥር ከዚህ በፊት አስተናግዶ ከሆነ ገንዘቡን እንደገና አይቀንስም፤ የመጀመሪያውን መልስ ይደግማል እንጂ። በዚህ ጥያቄ ላይ «መጠኑና ተቀባዩ አንድ ከሆነ እንደ ድግግሞሽ ቆጥሮ መጣል» ብሎ የሚመልስ ሰው ይሳሳታል። ነጋዴ በአንድ ቀን ለአንድ አቅራቢ አንድ ዓይነት መጠን ሁለት ጊዜ ከልቡ ሊከፍል ይችላል።

አራተኛ፦ «ብርና ሳንቲም በኮምፒዩተር እንዴት ይቀመጣል?» ኮምፒዩተር ተራ የነጥብ ቁጥሮችን በሁለትዮሽ አቆጣጠር ስለሚይዝ 0.1 ን ልክ እንደሆነ ሊይዝ አይችልም። ብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይላሉ። በአንድ ደረሰኝ ላይ ይህ ምንም ነው፤ በሚሊዮን በሚቆጠሩ የወለድ ስሌቶች ላይ ግን መዝገቡን ያዛባል። ስለዚህ ገንዘብ ወይ በሙሉ ቁጥር በሳንቲም ይያዛል ወይ ለዚሁ በተዘጋጀው የአስርዮሽ ዓይነት ይቀመጣል።

ሒሳብ ማስታረቅ

በኤስኪውኤል የሚሰጠው የተግባር ፈተና ብዙ ጊዜ ከዕለት ሥራ የተቀዳ ነው። ለምሳሌ ከስዊቹ የመጣው የዕለቱ ፋይል 1,000 ክፍያ ይዟል፤ በባንኩ መዝገብ ግን 997 ብቻ ይታያል እንበል። ተፈታኙ የጎደሉትን ሦስቱን አውጣ ይባላል። ሁለቱን ሰንጠረዦች በመለያ ቁጥር አገናኝቶ አቻ ያጣውን መለየት ይበቃል የሚል አለ። ጠንቃቃው ግን አንድ እርምጃ ይጨምራል። ቁጥሩ እኩል ቢሆን እንኳ በአንዱ ወገን ሦስት ጎድሎ በሌላው ሦስት ትርፍ ሊኖር ይችላልና ፍለጋውን በሁለቱም አቅጣጫ ያደርጋል፤ ቁጥራቸው ገጥሞ የብሩ መጠን የተለያየውንም ለብቻ ያወጣል። ካሸር ማታ ሣጥኑን ሲቆጥር የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ከደረሰው መማር

ጠያቂዎች «ከዚህ ምን ትማራለህ?» ብለው የሚያነሷቸው በዓለም የታወቁ አጋጣሚዎች አሉ። አራቱን ጠንቅቆ ማወቅ ከብዙ ሽምደዳ ይበልጣል።

የመጀመሪያው የቅርቡ ነው። ከመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንጂ ከውጭ የመጣ ጥቃት እንዳልነበረ ተገልጿል። ባንኩ ያላግባብ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አስታውቆ ገንዘቡ እንዲመለስ ጥሪ አድርጓል፤ አብዛኛውም ተመልሷል። ከአመልካቹ የሚጠበቀው ባንኩን መውቀስ አይደለም። ለውጥ ከመደረጉ በፊት በምን ይሞከራል? በሌሊት ያልተለመደ ወጪ ሲታይ የሚያስጠነቅቀው ምንድን ነው? መስመሩን የመዝጋት ሥልጣን ያለው ማነው? የሚሉትን ማንሣት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን።

ሁለተኛው ደላሎችን በቀጥታ ይነካል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ አክሲዮን አገበያይ ድርጅት አዲስ ፕሮግራም ሲጭን ከስምንት ሰርቨሮች አንዱ ሳይሻሻል ቀረ። በዚያ ሰርቨር ላይ የቆየ፣ የተረሳ ፕሮግራም ተቀሰቀሰና ያለ ልክ ይገዛና ይሸጥ ጀመር። በ45 ደቂቃ ውስጥ ድርጅቱ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጣ፤ በማግስቱ ዓመትም ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋሐደ። ትምህርቱ አሮጌን ነገር ማስወገድ፣ የተጫነውን በእያንዳንዱ ሰርቨር ማረጋገጥና ሁሉን በአንድ ጊዜ ማቆሚያ ማዘጋጀት ነው።

ሦስተኛው የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 የደንበኞቹን መዝገብ ወደ አዲስ ሲስተም ሲያዛውር እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች ሒሳባቸውን ማየት ተሳናቸው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ተቆጣጣሪዎች 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። አዲስ ኮር ባንኪንግ ለሚያስገባ ባንክ የሚቀጠር ሁሉ፣ ካልሠራ ወደ አሮጌው የምንመለሰው እንዴት ነው የሚለውን ጥያቄ ከዚህ ይማራል።

አራተኛው የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ዝርፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ሌቦች የባንኩን የስዊፍት መስመር ተጠቅመው ኒው ዮርክ ካለው ሒሳቡ ወደ 951 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ለማውጣት ትእዛዝ ላኩ። የመረጡት የበዓልና የዕረፍት ቀናት የሚገጣጠሙበትን ወቅት ነበር፤ የተላከውን መልእክት የሚያትመውም ማተሚያ እንዳይሠራ ተደረገ። አብዛኛው ትእዛዝ ቢታገድም 81 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊሊፒንስ ሄደ። ወደ ስሪላንካ የተላከው 20 ሚሊዮን የተያዘው «ፋውንዴሽን» የሚለው ቃል በተሳሳተ ፊደል በመጻፉ ነው። ማተሚያ ሲበላሽ «ነገ ይሠራል» ብሎ አለማለፍ የደኅንነት ሥራ አካል ነው።

አዘጋጅና አጽዳቂ

ባንክ ከሌላ መሥሪያ ቤት የሚለይበት አንድ ልማድ አለ፤ አንድ ሰው ብቻውን ገንዘብ አያንቀሳቅስም። አንዱ ያዘጋጃል፤ ሌላው ያጸድቃል። ይህ በኮምፒዩተር ክፍልም ይሠራል። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ራሱ ወደ ሥራ ላይ አያስገባውም፤ የዳታቤዝ አስተዳዳሪም የደንበኛን ቀሪ ሒሳብ በእጁ አያርምም። «ሥራ አስኪያጁ ደውሎ በአስቸኳይ ይህን ሒሳብ አስተካክል ቢልህስ?» የሚለው ጥያቄ የሚቀርበው ለዚህ ነው። መልሱ በአክብሮት፣ የጽሑፍ ጥያቄና የሁለተኛ ሰው ማጽደቂያ መጠየቅ፣ የተደረገውም ሁሉ በመዝገብ እንዲቀር ማድረግ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ጥንቃቄ አለ። ቀድሞ በሌላ ባንክ የሠራ አመልካች ዕውቀቱን ለማሳየት ሲል የዚያን ባንክ የውስጥ አሠራርና ደካማ ጎን መዘርዘር የለበትም። ዛሬ የሌላውን ምሥጢር የነገራቸው ሰው ነገ የእነሱን እንደሚናገር ጠያቂዎቹ ያውቃሉ። የሠራውን ሥራ ዓይነት ተናግሮ ዝርዝሩን በጨዋ ደንብ መተው ያስከብራል።

የሁለት ሳምንት ዝግጅት

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ዝግጅቱ የጥሪ ስልክ ከመደወሉ በፊት ቢጀመር ይመረጣል። ሁለት ሳምንት ላለው ሰው የሚከተለው ይበቃል።

ከ1ኛው እስከ 3ኛው ቀን፦ በወረቀት ላይ መዝገብ መያዝ። ገቢ፣ ወጪ፣ ዝውውር፣ ብድር፣ ወለድና የአገልግሎት ክፍያ ዴቢትና ክሬዲታቸውን በእጅ ጽፎ ሚዛኑን ማረጋገጥ።

ከ4ኛው እስከ 8ኛው ቀን፦ በነፃ በሚገኝ ዳታቤዝ ላይ የደንበኛ፣ የሒሳብና የእንቅስቃሴ ሰንጠረዦችን ሠርቶ ዝውውር መሞከር። ሥራውን መሐል ላይ አቋርጦ ምን እንደሚቀር ማየት፤ ሁለት መስኮት ከፍቶ ከአንድ ሒሳብ በአንድ ጊዜ ለማውጣት መሞከር። በእጅ ያዩት ነገር በቃል ፈተና አይጠፋም።

9ኛውና 10ኛው ቀን፦ የካርድ ክፍያ መልእክት የሚጻፍበትን አይኤስኦ 8583 እና አዲሱን አይኤስኦ 20022 ምንነት ማንበብ። በስዊፍት የድንበር ተሻጋሪ ክፍያ አሮጌውና አዲሱ አጻጻፍ ጎን ለጎን የሠሩበት ዘመን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 አብቅቷል።

11ኛው ቀን፦ ሕጉ። የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ቢያንስ ምን እንደሚሉ ማወቅ።

12ኛው ቀን፦ የቀጣሪውን ባንክ ዓመታዊ ሪፖርት ማንበብ፤ የሞባይል መተግበሪያውንም አውርዶ ማየት።

13ኛውና 14ኛው ቀን፦ ጮክ ብሎ መለማመድ። ከሁሉ የሚሻለው ፈታኝ ኮምፒዩተር የማያውቅ ነጋዴ አባት ወይም አጎት ነው። የ48,000 ብሩ ጉዞ ለእሱ ከገባው ኮሚቴውም ይገባዋል።

በፈተናው ዕለት

ያልታወቀ ነገር ሲጠየቅ «አላውቅም» ማለት አያሳፍርም፤ «ነገር ግን በመጀመሪያ ይህን አጣራለሁ» የሚል ከተጨመረበት። «ቅዳሜ ማታ ኤቲኤሞች በሙሉ ቆሙ፤ ምን ታደርጋለህ?» ሲባል ወዲያው መፍትሔ መዘርዘር አይመከርም። ገንዘብ ያላግባብ እየወጣ ነው ወይስ አገልግሎቱ ብቻ ነው የቆመው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። የሚወጣ ገንዘብ ካለ መስመሩ ይዘጋል፤ ለሚመለከተው ኃላፊ ይነገራል፤ የሲስተሙ ማስረጃ ሳይነካ ይጠበቃል፤ ጥገናው ከዚያ በኋላ ነው። በመጨረሻም ኮሚቴው «ጥያቄ አለህ?» ሲል ስለ ደመወዝ ብቻ መጠየቅ ዕድልን ማባከን ነው። «የመጠባበቂያ ማዕከሉ ለመጨረሻ ጊዜ የተሞከረው መቼ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አመልካች ሥራውን እንደሚያውቅ ያስመሰክራል።

ባለአክሲዮኑስ?

ይኸው ጥያቄ ለባለሀብቱም ይሠራል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ለውጭ ባንኮች በር የሚከፍተውን የባንክ ሥራ አዋጅ አጽድቋል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ወጋገን ባንክ በገበያው የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ኩባንያ ሆኗል። የውጭ ባንኮች በገቡ ቁጥር ለጥሩ ባለሙያ የሚደረገው ሽሚያ እንደሚጠነክር ይገመታል። የአንድ ሌሊት የሲስተም ስህተትም ከደንበኛው አልፎ የአክሲዮኑን ዋጋ ሊነካ ይችላል።

ስለዚህ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የትርፍ ድርሻ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ባለአክሲዮን አንድ ጥያቄ ቢጨምር አይከፋም፦ በዓመቱ መጨረሻ በመሸጋገሪያ ሒሳቦች ላይ ስንት ብር ሳይታረቅ ተንጠልጥሎ ቀረ? ቁጥሩን ወዲያው የሚናገር ባንክ መዝገቡን በሚያውቁ ሰዎች እጅ ነው። ሻጩ የ48,000 ብሩን መልእክት ደቂቃ ሳይሞላ የሚያየው፣ ሾፌሩም በጊዜ መንገድ የሚጀምረው፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲቀጠሩ ነው።